ሊኑክስ ከመጫናችሁ በፊት ላፕቶፓችሁ ውስጥ ምን እንዳለ እወቁ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ የተቋረጠው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ «ላፕቶፕሽ ዊንዶውስ 11 አይችልም አሉኝ፣ ምን ላድርገው?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። እኔ ሁሌም የምለው አንድ ነው፤ አትጣሉት። ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር አይቀበልም። እኛ ዘንድ ደግሞ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ የሚሠራው ሰው ብዙ ነው። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3፣ ዴል ላቲቲዩድ ኢ7470፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ460 ሁሉም 6ኛ ጀነሬሽን ናቸው። ማሽኖቹ ግን ምንም አልሆኑም። ኤስኤስዲና 8 ጊጋ ራም ካላቸው ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ላይ ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ።

ችግሩ ሰዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ላይ ነው። «ሊኑክስ ኤችፒ ላይ ይሠራል?» ይላሉ። ክዳኑ ላይ ያለው ስም ብዙ አይነግረንም። ያው አንድ ሞዴል ላፕቶፕ አንዱ የኢንቴል ዋይፋይ ካርድ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው የሪልቴክ። ጎረቤታችሁ ላይ ያለ ምንም ችግር የሠራው እናንተ ላይ ዋይፋይ አልባ ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት ስለ ቺፑ ነው። የዋይፋዩ ቺፕ የማን ነው? ግራፊክሱስ?

ለምን እንደዚህ እንደሆነ ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም ይህ ከገባችሁ ሌላውን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። ድራይቨር ማለት ኮምፒውተሩ ከአንድ ዕቃ ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨሩን የሚሠራው ዕቃውን ያመረተው ድርጅት ነው። ሊኑክስ ላይ ግን አብዛኞቹ ድራይቨሮች ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ተካተው አብረው ይመጣሉ። ስለዚህ ሊኑክስ ስትጭኑ ድራይቨር ፍለጋ ድረ ገጽ ለድረ ገጽ መዞር የለም፤ ወይ ወዲያው ይሠራል፣ ወይ ደግሞ አይሠራም። የማይሠራው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ አምራቹ የቺፑን አሠራር ዝግ አድርጎ ሲይዝና ለሊኑክስ የሚሆነው ድራይቨር ለብቻው የሚጫን ሲሆን ነው። ሁለተኛው ዕቃው ከከርነሉ ይልቅ አዲስ ሲሆን ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚያስገርም ነገር ነው። ትናንት ከካርቶኑ የወጣ ላፕቶፕ ከ5 ዓመት በፊት ከተሠራው ይልቅ ሊኑክስ ላይ ሊያስቸግር ይችላል። ለአሮጌው ማኅበረሰቡ ጊዜ አግኝቶ ሠርቶለታል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ዊንዶውሱን ገና ሳትነኩት ስታርት ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና «ዲቫይስ ማኔጀር» ግቡ። «ኔትወርክ አዳፕተርስ» የሚለውን ስትከፍቱ የዋይፋዩ ስም ይመጣል። «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» ውስጥ ደግሞ የግራፊክሱ። ሁለቱንም በስልክ ፎቶ አንሱ። ስሙ ግልጽ ካልሆነ ዕቃው ላይ ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ «ዲቴይልስ» የሚለው ውስጥ «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ምረጡ። ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር ይወጣል። መጀመሪያው አካባቢ 8086 ካያችሁ ኢንቴል ነው። ቁጥሩ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው የፕሮሰሰር ስም ነው፤ ሳየው ሁሌ ደስ ይለኛል።

ዋይፋዩ ኢንቴል ከሆነ በቃ፣ ከዚህ በኋላ ስለ ዋይፋይ አታስቡ። ካርዱ በጣም አዲስ ካልሆነ ኡቡንቱም ሆነ ሊኑክስ ሚንት በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ወዲያው ይሠራል። ዴቢያን የሚባለውን ሌላ ዓይነት የምትወዱ ካላችሁ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ከዴቢያን 12 ጀምሮ ለእነዚህ ካርዶች የሚያስፈልገው ፈርምዌር (ቺፑ ራሱ ላይ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) መጫኛው ውስጥ ተካቷል፤ ከዚያ በፊት ግን ለብቻ መፈለግ ነበረበት። አቴሮስም ብዙ ጊዜ ችግር የለበትም። ሪልቴክ እንደ ቁጥሩ ነው፤ አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ ይቆራረጣል፣ አንዳንዱ አዲስ ከርነል ይፈልጋል። ብሮድኮም ሲሆን ብዙ ጊዜ ዝግ ድራይቨር መጫን አለባችሁ። ብሮድኮም ያሉባቸው የድሮ ማክቡኮች ላይ ይህን ጠብቁ።

እዚህ ላይ የሚመጣ ክፉ አዙሪት አለ። ዋይፋዩ እንዲሠራ ድራይቨር ማውረድ አለባችሁ፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ይህ እኔ ላይ ደርሷል። የአክስቴ ልጅ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታ «ጫኚልኝ» አለችኝ። ስለቸኮልኩ ሳልፈትሽ ዊንዶውሱን አጥፍቼ ጫንኩት። ተነሣ፣ አማረ፣ ዋይፋይ ግን የለም። ልጅቷ በማግስቱ የምታስረክበው የትምህርት ቤት ሥራ ነበራት፤ በጣም ነው ያፈርኩት። ያዳነን የስልክ ገመድ ነው። አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰካን፣ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ «ሆትስፖትና ቴዘሪንግ» ገብተን «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን አበራን። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ይቆጥረዋል። ያለ ምንም ድራይቨር በሞባይል ዳታ ኢንተርኔት ገባ። ከዚያ «ድራይቨር ማኔጀር» ከፍተን የዋይፋዩን ድራይቨር ጫንን፣ ሪስታርት አደረግን፣ አለቀ። ይህን ዘዴ ያዙት። መረጃ የሚያስተላልፍ ገመድ መሆኑን ግን አረጋግጡ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ገመዶች አሉ።

ግራፊክሱ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ከሆነ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ አለ። ኢንቪዲያ ከሆነ ግን ተዘጋጁ። መጀመሪያ ስታስነሡ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ወይም ሊደርቅ ይችላል። ላፕቶፑ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ሚንት ላይ በማስጀመሪያው ዝርዝር «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚል አለ፣ ኡቡንቱ ላይ «ሴፍ ግራፊክስ»። በእሱ ግቡ፣ ጫኑ፣ ከተጫነ በኋላ የኢንቪዲያን ድራይቨር ከድራይቨር ማኔጀር ውሰዱ። በጣም ያረጁ የኢንቪዲያ ካርዶች ግን ኩባንያው ራሱ ድጋፉን ስላቋረጠላቸው ከአዳዲስ ከርነሎች ጋር እየተጣሉ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነና ጌም ወይም ከባድ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ካልሠራችሁ ኢንቴል ግራፊክስ ብቻ ያለውን ምረጡ። ባትሪም ይቆጥብላችኋል።

አሁን ሊኑክስን የምናስነሣበት ፍላሽ። 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። የሚንት ፋይል ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል፣ የአሁኑ ኡቡንቱ ግን ከ5 ጊጋ በላይ ነው፤ ፓኬጅ ገዝታችሁ የምታወርዱ ከሆነ ይህ ልዩነት ኪስ ላይ ይታወቃል። ለ4 ጊጋ ራም ማሽን ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን እመክራለሁ። ዊንዶውስ ላይ ሩፉስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን ፍላሹ ላይ ጻፉት። ዝም ብሎ ኮፒ ማድረግ አይሆንም። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋም አስታውሱ።

ፍላሹን ሰክታችሁ ላፕቶፑን ስታበሩ ኤችፒ ላይ ኤፍ9ን፣ ዴልና ቲንክፓድ ላይ ኤፍ12ን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ከዝርዝሩ ፍላሹን ምረጡ። ሊኑክስ ከፍላሹ ላይ ይነሣል፤ ዊንዶውሳችሁ አልተነካም። ከፍላሽ ሲሠራ ስለሚዘገይ በፍጥነቱ አትፍረዱበት።

ሙሉ ግማሽ ሰዓት ስጡት። እውነቴን ነው፣ ይህችን ግማሽ ሰዓት የዘለለ ሰው ሌላ ቀን ሙሉ ይከፍላታል። ዋይፋይ አገናኙና አንድ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው እዩ፤ የሚቆራረጥ ከሆነ እዚያው ይታያል። ድምፁን በስፒከርም በጆሮ ማዳመጫም ሞክሩ፣ ከዚያ ማይኩን፣ ምክንያቱም ድምፅ እየሠራ ማይክ የማይሠራባቸው ላፕቶፖች አሉ። ካሜራውን ክፈቱ። የብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎችን ተጫኑ። ብሉቱዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ስልካችሁን አገናኙ። በሥራ ቦታችሁ ፕሮጀክተር ካለ ኤችዲኤምአዩን ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ እዩ። ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳ። ከዚያ ክዳኑን ዘግታችሁ 5 ደቂቃ ቆዩና ክፈቱት። ከእንቅልፉ የማይነቃ ላፕቶፕ ለብዙ ሰው ከዋይፋይ ችግር ይብሳል፣ በየቀኑ ነው የሚያናድደው። አሻራ ማንበቢያው ባይሠራ ግን አትገረሙ። ብዙዎቹ አይደገፉም፤ እኔ በፓስወርድ ነው የምኖረው።

ፕሪንተርም እዚሁ ሞክሩ። ኤችፒ ሊኑክስን ከሚደግፉት ፊተኛው ነው። እንደ ሌዘርጄት 1020 ያሉት ትንንሾቹ ግን ተጨማሪ ዝግ ፋይል ከኢንተርኔት ካላወረዱ አያትሙም። ካኖን ኤልቢፒ ያላችሁ ደግሞ የአምራቹን የራሱን ድራይቨር መፈለግ ሊኖርባችሁ ይችላል። የጽሕፈት ቢሮ ያላችሁ ሰዎች፣ ገቢያችሁ ፕሪንተሩ ላይ ስለሆነ፣ አንድ ገጽ ሳታትሙ እንዳትጭኑ።

ሁሉም ከሠራ በኋላም ጫኚው «ሃርድ ዲስክ የለም» ሊላችሁ ይችላል። ዲስኩ አለ። ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው ማስተካከያ) ውስጥ የዲስኩ አሠራር «ሬይድ» ላይ ስለተደረገ ነው የማይታየው፣ በተለይ ዴል ላይ የተለመደ ነው። ኤፍ2 ተጭናችሁ ግቡና ወደ «ኤኤችሲአይ» ቀይሩት። ዊንዶውሱን የምታጠፉት ከሆነ ይኸው ነው። አብሮ እንዲቆይ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ዊንዶውሱን በሴፍ ሞድ እንዲነሣ አድርጉት፣ ከዚያ ባዮሱን ቀይሩ፣ አንዴ በሴፍ ሞድ ከተነሣ በኋላ ወደ ተለመደው መልሱት። ይህን ያልሠራ ሰው ዊንዶውሱ ሰማያዊ ስክሪን ይሆንበታል።

ሁለቱንም ጎን ለጎን ለሚያስቀምጡ ሌላ ሁለት ነገር አለ። ቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስኩን የሚቆልፍበት) በርቶ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ምክንያቱም ባዮስ ስትነኩ ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ከሌላችሁ ፋይላችሁ ተቆለፈ ማለት ነው። ዊንዶውስ ውስጥ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚለውንም አጥፉ። ካልጠፋ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ሊኑክስም የዊንዶውሱ ዲስክ ላይ መጻፍ አይችልም።

ከመጫን በፊት ፋይሎቻችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ። መብራት መሃል ላይ ጠፍቶ በደከመ ባትሪ ምክንያት ግማሽ የተጫነ ማሽን ማንም እንዲገጥመው አልፈልግም።

ስትጭኑ የሚዲያ ኮዴክና የሌላ ወገን ድራይቨር ይጨመር ወይ ሲላችሁ እሺ በሉ። ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ሶፍትዌር እንዳይነሣ የሚከለክል የባዮስ ጥበቃ) በርቶ ከሆነ ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። አጭርና የማትረሱት ስጡት። ሪስታርት ሲያደርግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፤ ሳይነካው ጥቂት ሰከንድ ይቆይና ያልፈዋል፣ ከዚያ «ድራይቨሩን ጫንኩት፣ አልሠራም» ይላል። «ኤንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ ፓስወርድ አስገቡ። ይህ ኮምፒውተሩ የብሮድኮምን ወይም የኢንቪዲያን ድራይቨር እንዲያምነው ፈቃድ መስጠት ነው።

ላፕቶፕ ገና ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ፍላሹን ኪሳችሁ ይዛችሁ ሱቁ ሂዱ። «ከፍላሽ ላስነሣው» በሉ። ዕቃውን የሚያምን ሻጭ አይከለክልም። ዋይፋዩን በስልካችሁ ሆትስፖት ሞክሩ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ክፈቱ፣ ከዚያ ዋጋ ተነጋገሩ።