አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ እንዴት ይታደሳል?

ፋይበርግላስ እንደ ብረት አይዝግም፣ እንደ እንጨትም አይበሰብስም። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለዓመታት ተገልብጦ የከረመ ጀልባ ቀለሙ ቢላላጥም ገላው ብዙ ጊዜ ይድናል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የያዝኩት ሥራ ይኸው ነው። ለጡረተኛ የሚስማማውም ችኮላ ስለማይወድ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ገላውን በሙሉ በፕላስቲክ መዶሻ መታ መታ አድርጉ። ጥርት ያለ ድምፅ ጤና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ንብርብሩ ተላቋል ወይም ውሃ ይዟል። እዚያ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሞተር የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ ግን ለብቻው እዩት። አብዛኛውን ጊዜ በፋይበሩ መሀል እንጨት አለ፤ በብሎን ቀዳዳ የሰረገ ውሃ ያበሰብሰዋል። በቀጭን መሰርሰሪያ ስትበሱት ጥቁርና እርጥብ ፍቅፋቂ ከወጣ እንጨቱ መቀየር አለበት፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ተከራከሩ።

ሥራውን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ጀምሩ። ብሎኖቹን ፈትታችሁ፣ ቀለሙን ፍቃችሁ አድርቁት። መድረቁን ለማወቅ ጥርት ያለ ላስቲክ ገላው ላይ አድርጋችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉና ፀሐይ ላይ ይዋል። ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ካያችሁ ገና ነው።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ መፈግፈግ። ብዙ ሰው ስንጥቁን በሬዚን፣ ማለትም ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ፣ ሞልቶ ከላዩ የፋይበርግላስ ጨርቅ ይለጥፋል። እንዲህ የተጠገነ ጀልባ አይቻለሁ፤ ልጥፉ እንደ ድስት ክዳን ብድግ ብሎ ሲነሳ ከሥሩ ያለው አሮጌ ፋይበር ያብረቀርቅ ነበር። ሳይፈገፈግ ነው የተለጠፈው። አዲሱ ሬዚን ከደረቀው አሮጌ ፋይበር ጋር አይዋሃድም፤ የሚይዘው ሻካራውን ገጽ ቆንጥጦ ነው።

ስለዚህ ከስንጥቁ ጠርዝ ወደ ውጭ እየሳሳ የሚሄድ ሰፊ ተዳፋት አውጡ። ልኩ የውፍረቱ 12 እጥፍ ነው፤ ገላው 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ በየአቅጣጫው 72 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለትንሽ ስንጥቅ ይህን ያህል ደህና ቦታ መፈግፈግ ያሳሳል፣ ግን አትሳሱ። በግራይንደር ላይ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት አድርጉና የሚያብረቀርቅ ነጥብ እስኪጠፋ ድረስ ሂዱ። ዱቄቱ ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባ ይጎዳል፤ ያለ ማስክ፣ መነጽርና ረጅም እጅጌ አትጀምሩ፣ ልጆችንም አርቁ። በመጨረሻ በንጹህ ጨርቅና በአሴቶን ጥረጉ። በቤንዚን የሚጠርጉ አሉ፤ ቅባት ስለሚተው አልመክርም።

ፖሊስተር ሬዚን ርካሽ ነው፤ አሮጌ ፋይበር ላይ ይበልጥ የሚይዘው ግን ኢፖክሲ የሚባለው የሬዚን ዓይነት ነው። ከውሃ በታች ላለው ክፍል ውድ ቢሆንም ኢፖክሲ ግዙ፣ ጨርቁም የተሸመነው ይሁን። የኢፖክሲ ምጣኔ አምራቹ የጻፈው ብቻ ነው፤ ሃርድነር (ሬዚኑን እንዲጠነክር የሚያደርገው ቅልቅል) ማብዛት አያፈጥነውም፣ ያበላሸዋል። ለፖሊስተር ሃርድነሩ ብዙውን ጊዜ በክብደት ከ100 እጅ ከ1 እስከ 2 ነው፤ ለ500 ግራም ሬዚን ከ5 እስከ 10 ግራም። በዓይን ግምት አይሆንም፣ ትንሽ ሚዛን ግዙ። የሐዋሳ ቀትር ሬዚን ቶሎ ያስረዋል፤ ስለዚህ በጠዋት፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ፣ በሰፊ ዕቃ በጥብጡ። ጠባብ ኩባያ ውስጥ የተጠራቀመ ሬዚን ግሎ እስከ መጨስ ይደርሳል።

ጨርቁን ተዳፋቱን በሙሉ ከሚሸፍነው ትልቁ ቁራጭ ጀምራችሁ እያሳነሳችሁ ደርቡ። ሬዚን ሲጠጣ ነጭነቱ ይጠፋል፤ ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ አየር አለበትና በሮለር አስወጡት።

ከደረቀ በኋላ ኢፖክሲው ላይ የሚቀረውን ሰም መሳይ ነገር በውሃና በስፖንጅ እጠቡ፤ ከዚያ አለስልሳችሁ ቀቡ። የመኪና ስቱኮ ውሃ ስለሚመጥ ከውሃ መስመር በታች አይግባ።

ሐይቁ ከሰዓት በኋላ በነፋስ ስለሚናወጥ ሙከራውን በጠዋት አድርጉት። ጀልባውን ዳር ላይ በገመድ አስራችሁ አንድ ሰዓት አቆዩና ውስጡን ዳስሱ። ደረቅ ከሆነ የሕይወት ጃኬት ለብሳችሁ፣ የውሃ መጭለፊያ ባልዲ ይዛችሁ ውጡ፤ ለመጀመሪያው ቀን ከዳር አትራቁ።