ምክር ከመቀበላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ

የማርሻል አርት ትምህርት ቤት ስታሳድጉ መካሪ አይጠፋም። አንዱ ማስታወቂያ አብዛ ይላል፣ ሌላው ዋጋ ቀንስ። የቱን ልስማ ካላችሁ መካሪውን እንዲህ በሉት፦ «የዛሬ ዓመት ከተመዘገቡልህ ሰልጣኞች ስንቱ ዛሬም ይመጣሉ?»

ስንት ሰው መዘገብክ ብላችሁ አትጠይቁ። ምዝገባ በቅናሽም ይመጣል፤ ሰው የሚቆየው ግን ስልጠናው ሲጥመው ነው። ሂሳቡን እዩት። በየወሩ 10 አዲስ ሰው እየገባ ከነባሮቹ 10 በመቶው የሚለቅ ከሆነ፣ ቁጥሩ 100 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። የሚለቀው 5 በመቶ ብቻ ቢሆን ወደ 200 ይጠጋል፣ ያውም የማስታወቂያ ወጪ ሳይጨመር። እኔ ይሄን ሳሰላ ነው ዓይኔ የተከፈተው።

በቁጥር የሚመልስላችሁን አዳምጡ። «ኧረ ብዙዎቹ አሉ» ብሎ የሚያልፈውን አመስግናችሁ ተሰናበቱ። የደረጃ ማሳያ ቀበቶ እንደ ዘበት እያደለ ሰው የሚያቆይም ስላለ፣ ከተቻለ አንድ ቀን ስልጠናው ላይ ተገኝታችሁ ተመልከቱ።

ለኪራይ ውልና ለግብር ጉዳይ ግን ይህ ጥያቄ አይሠራም። እሱን ለጠበቃና ለሂሳብ ባለሙያ ተዉት።