ከአይሲኪው ዘመን የተረፈ ሃርድ ዲስክ እንዴት ይከፈታል?

አሮጌ ኮምፒውተር ይዞ ወደ ጥገና ጠረጴዛዬ የሚመጣ ሰው የሚፈልገው ፎቶ ነው፤ የሠርግ፣ የምርቃት፣ በሕይወት የሌለ አባት። ምክሬ አጭር ነው፦ ማሽኑን አታስነሱት። ዊንዶውስ 98 ውስጥ ያኔ በአይሲኪው፣ ማለትም በዘመኑ የኢንተርኔት መልእክት መላላኪያ፣ የገባ የይለፍ ቃል ሰራቂ ፕሮግራም ካለ አብሮ ይነሳል።

ዲስኩን ንቀሉና ከኢንተርኔት ከተቋረጠ ሌላ ኮምፒውተር ጋር በማገናኛ ገመድ አያይዙት። ከዚያ የፋይል ቅጥያዎች፣ ማለትም ከፋይሉ ስም መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚመጡና ዓይነቱን የሚናገሩ ፊደላት፣ እንዲታዩ አድርጉ። ዊንዶውስ ካልነገሩት በቀር የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች ይደብቃል፤ ይህም ለሌቦቹ ሲሳይ ነበር። «ፎቶ.ጄፒጂ.ኢኤክስኢ» የተባለ ፕሮግራም «ፎቶ.ጄፒጂ» ብቻ ሆኖ ይታያል፤ የሥዕል ምልክት ይለጠፍበታል፤ የመጣው ደግሞ ከምታውቁት ሰው ነው። በስሙና በቅጥያው መካከል ብዙ ባዶ ቦታ እየከተቱ መጨረሻውን ከዓይን የሚያርቁም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከማኒላ የተነሳው በኢሜይል የሚዛመት ቫይረስ «አይ ላቭ ዩ» ራሱ የጽሑፍ ፋይል መስሎ ገብቶ የይለፍ ቃል ሰራቂ ፕሮግራም ለማውረድ ይሞክር ነበር።

አሁን አይሲኪው የተቀበላቸውን ፋይሎች ያስቀመጠበትን ፎልደር ተመልከቱ። ኢኤክስኢ፣ ፒአይኤፍ ወይም ኤስሲአር ብሎ የሚያበቃውን ሁሉ አትንኩ። ኤስሲአር የስክሪን ማሳረፊያ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም፤ ግን እሱም ፕሮግራም ነው።

እኔ ሁልጊዜ የምቆየው ቀጥሎ ያለው ላይ ነው። በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን፣ ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበውን «ሲስተም.አይኤንአይ» የተባለ ፋይል በኖትፓድ ክፈቱና «ሼል=» የሚለውን መስመር ፈልጉ። «ኤክስፕሎረር.ኢኤክስኢ» ብሎ ማብቃት አለበት። ከጎኑ ሌላ የፕሮግራም ስም ከተከተለ እንግዳው እሱ ነው። በ1999 የወጣው ሰብሴቨን፣ ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚያዝ ሰርጎ ገብ ፕሮግራም፣ በዚህ መስመር መደበቅ ይወድ ነበር። የይለፍ ቃል ከመስረቁም በላይ የኮምፒውተሩ ባለቤት ኢንተርኔት ላይ ሲገባ ለላከው ሌባ በአይሲኪው ያሳውቃል፤ መልእክት መላላኪያውን ራሱን ጆሮ ጠቢ አደረጉት ማለት ነው። «ዊን.አይኤንአይ» በተባለው ፋይል ውስጥ ደግሞ እንዲሁ ፕሮግራም የሚያስነሱት «ሎድ=» እና «ረን=» ባዶ ቢሆኑ ደስ ይለኛል፤ ግን አንዳንድ የድሮ የፕሪንተር ሶፍትዌር እዚያ ስለሚጽፍ አትደንግጡ።

ሌቦቹ ይህን ሁሉ የደከሙት ለአንድ የአይሲኪው ቁጥር? አዎ። አይሲኪውን በ1996 ያወጣው የቴል አቪቩ ሚራቢሊስ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ መለያ ቁጥር ይሰጥ ነበር። አምስትና ስድስት አኃዝ ያለው ቁጥር የቀደምቶች ምልክት ስለነበር ተሰርቆ ይሸጣል። በቁጥሩና በሌባው መካከል ያለው አጥር ደግሞ የይለፍ ቃል ብቻ ነበር።

አገልግሎቱ በሰኔ 2024 ስለተዘጋ ቁጥሩ ዛሬ ዋጋ የለውም። የይለፍ ቃሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቅጥያቸው የተረጋገጠ ፎቶዎችን ብቻ ገልብጡና በጸረ ቫይረስ አስፈትሹ። ያኔ የከፈታችሁት ኢሜይል እስካሁን የሚሠራ ከሆነና የይለፍ ቃሉ ካልተቀየረ፣ ፎቶዎቹን ከማየታችሁ በፊት ከሌላ ኮምፒውተር ላይ ቀይሩት።