ተወልውሎም የሚያንሸራትት ወለል፦ ጥፋቱ የሳሙናው ነበር

ከማጠቢያ ክፍሉ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ በሚወስደው ኮሪደር ላይ ሰው እየተንሸራተተ ተቸገርን። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ በየማለዳው ይወለወላል፣ ሲያዩት ያብረቀርቃል። ደርቆም ያንሸራትታል፤ ትንሽ ውሃ ጠብ ካለበትማ አያድርስ።

መጀመሪያ ቢጫውን የማስጠንቀቂያ ምልክት አቆምን። ሁለት ቀን ታየ፣ በሦስተኛው ሁሉም ዞሮት ማለፍ ለመደ። ቀጥሎ የጎማ ምንጣፍ አነጠፍን፤ ጠርዙ ተጠቅልሎ ተነሳና አሁን ደግሞ ሰው ይደናቀፍበት ጀመር። ከዚያ «በደንብ ይታጠብ» ብለን ሳሙና ጨመርን። ባሰበት።

ፍንጩ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። የደረቀውን ወለል በረጠበ ነጭ ሶፍት ስጠርገው ጣቴን አሟለጨኝ፤ ትንሽ ሳሸው አረፋ ወጣ። ለካ ሳሙናው ሳይለቀለቅ ስለሚደርቅ በየቀኑ እየተደራረበ፣ አቧራና ቅባት ይዞ ቀርቷል።

መፍትሔ የሆነው ይኸ ነው፦ ሳሙና ሳንነካ በሙቅ ውሃና በጠንካራ ብሩሽ ፈተግነው፣ ውሃውን በባለ ጎማ መጥረጊያ ወደ ፍሳሹ ገፋነው፣ አረፋው እስኪጠፋ ሦስት ጊዜ ደገምነው። ከዚያ ወዲህ ሳሙናው በግምት መጨመሩ ቀርቶ ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ይለካል። ባልዲውም ሁለት ሆኗል፤ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለመለቅለቂያ ንጹህ ውሃ። ሰው በደረቁ በኩል እንዲያልፍ ኮሪደሩ ግማሽ ግማሹን ይወለወላል።

ምንጣፉን አነሳነው። ቢጫው ምልክት አሁን የሚቆመው ወለሉ እርጥብ ሲሆን ብቻ ነው።