አፕዴት ማድረጊያ ስትመርጡ አትሳሳቱ

ደሴ ፒያሳ ካሉት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ግቡ። ኮምፒውተሩ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ፍላሽ ሲሰካበት ይውላል። ሲቪ፣ ማመልከቻ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ በእሱ ያልፋል። ላዩ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች ሳይታደሱ ከቀሩ ጣጣው ከባለቤቱ አልፎ ለደንበኛውም ይተርፋል። ማደሻ መሣሪያ ሞልቷል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አመራረጡ ላይ ነው።

«ዊንዶውስ አፕዴት በርቷል፣ ይበቃል» ማለት

አይበቃም። እሱ በዋናነት የሚያድሰው ራሱን ዊንዶውስን፣ ድራይቨሮችን (ፕሪንተርና የመሳሰሉትን ዕቃዎች የሚያሠሩ ፕሮግራሞችን) እና የማይክሮሶፍት ምርቶችን ነው። ክሮምና ፋየርፎክስ ራሳቸውን ያድሳሉ። ፋይል ማመቂያው ዊንራር ግን ራሱን አያድስም። ፎርማት ያደረገላችሁ ልጅ የጫነው ቨርዥን ዓመት ቢያልፈውም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አጥቂዎች በዊንራር የደህንነት ክፍተት ሲጠቀሙ ተደረሰባቸው። የታመቀ ፋይል ውስጥ ያለ ፎቶ የሚመስል ነገር ስትከፍቱ የተደበቀ ኮድ አብሮ ይነሳ ነበር። ክፍተቱ በ6.23 ቨርዥን ተደፈነ። በ2025 ሌላ ክፍተት ተገኘ፣ እሱም በ7.13 ተዘጋ። አሁኑኑ ዊንራርን ከፍታችሁ «አባውት» የሚለውን እዩ። ቁጥሩ ከ7.13 በታች ከሆነ ዛሬውኑ አድሱት።

በብዛት ማወዳደር

«ቾኮላቲ ይሻላል ወይስ ዊንጌት? የቱ ብዙ ፕሮግራም አለው?» ይባላል፤ ሁለቱም ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራም በትእዛዝ የሚጭኑና የሚያድሱ መሣሪያዎች ናቸው። ብዛቱ ምን ያደርግላችኋል? ዋናው የእናንተን ፕሮግራሞች ማወቁ ነው። ይህን ለመፈተሽ ደግሞ ምንም አይከፈልም። ዊንጌት ከዊንዶውስ 11 ጋር አብሮ ይመጣል፤ በታደሰ ዊንዶውስ 10 ላይም አለ። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታችሁ «ዊንጌት አፕግሬድ» (winget upgrade) ብላችሁ እዘዙት። ምንም ሳይነካ ዝርዝር ብቻ ያወጣል፦ የፕሮግራሙ ስም፣ አሁን ያለው ቨርዥን፣ የወጣው አዲስ ቨርዥን። ቨርዥናቸውን መለየት ያቃተውን ፕሮግራሞች በነባሪ ዘሏቸው ያልፋል፤ ስንት እንደዘለለ ግን ከታች ይነግራችኋል። ያቺን መስመር አንብቧት። ብዙ ሰው ዝርዝሩ አጭር ስለሆነ ብቻ ሁሉም የታደሰ ይመስለዋል። ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉትን የአማርኛ መጻፊያዎች ደግሞ ከዊንጌት አትጠብቁ፤ እነሱን ለብቻ መከታተል የግድ ነው።

ከማስታወቂያ ላይ ማደሻ ማውረድ

«ኮምፒውተርዎ 37 ያረጁ ድራይቨሮች አሉት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ካያችሁ ዝጉት። ስም ያለው መሣሪያም ቢሆን ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲክሊነር የተባለው የኮምፒውተር ማጽጃ 5.33 ቨርዥኑ ከራሱ ከአምራቹ ሰርቨር ቫይረስ ተጭኖበት ተሰራጭቷል። ስለዚህ ስታወዳድሩ «የሚያወርደውን ፋይል እንዴት ያረጋግጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዊንጌት የወረደው ፋይል ከተመዘገበው ዲጂታል አሻራ (ፋይሉን ከሌላ የሚለይ ኮድ) ጋር ካልገጠመ አይጭንም። ኡቡንቱ በተባለው የሊነክስ ሲስተም ላይ ያለው ማደሻ አፕትም ፕሮግራሞቹ የሚወርዱበትን ማከማቻ ዲጂታል ፊርማ ያጣራል። እኔ በበኩሌ ለዚህ ነጥብ ከውበቱም ከፍጥነቱም በላይ ቦታ እሰጠዋለሁ።

ሁሉንም በአንዴ ማደስ

የሒሳብ ባለሙያ ከሆናችሁና ሥራችሁ በአንድ የቆየ ቨርዥን ላይ ከተመሠረተ፣ «ሁሉንም አድስ» የሚለው ትእዛዝ በወር መጨረሻ ላይ ጉድ ሊያፈላ ይችላል። ዊንጌት ላይ «ፒን» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ መነካት የሌለበትን ፕሮግራም ባለበት ያስቀምጣል። መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ ሌላውን። አንድን ፕሮግራም በሁለት ማደሻ ማስተዳደርም ይቅርባችሁ፤ የትኛው ምን እንደጫነ ይጠፋችኋል።

ኮምቦልቻ ኢንስቲትዩት ኡቡንቱ ለምትጠቀሙ ተማሪዎች ደግሞ አጭር ነገር፦ «አፕት አፕዴት» ዝርዝሩን ብቻ ነው የሚያድሰው። ፕሮግራሞቹን የሚያድሰው «አፕት አፕግሬድ» ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ሰጥቶ «ጨረስኩ» የሚል ብዙ ነው።

ዳታንና መብራትን መርሳት

ውጭ አገር የሚጻፉ ንጽጽሮች ይህን ብዙ ጊዜ አያነሱም፤ እኛ ጋ ግን ወሳኝ ነው። ኡቡንቱ ላይ ያለው ሌላው ማደሻ ስናፕ በነባሪ በቀን 4 ጊዜ አዲስ ነገር መኖሩን ይፈትሻል፣ ካገኘም ራሱ ያወርዳል። በስልክ ሆትስፖት ለምትሠሩ ጥቅላችሁ ሳታውቁት ያልቃል። ዊንጌት ካላዘዛችሁት አይነቃነቅም። ስለዚህ በጥቅል ለሚሠራ ሰው እሱን እመርጣለሁ፤ የማስታወስ ሸክሙ ግን የራሳችሁ ነው። ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ደግሞ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ማደስ አትጀምሩ፤ በመሃል የተቋረጠ ጭነት ፕሮግራሙን ሊያበላሸው ይችላል።

ሱቃችሁ ውስጥ ብዙ ኮምፒውተር ካለ ዊንዶውስ ላይ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለውን አብሩ፣ ከአካባቢ ኔትወርክ ብቻ የሚለውን ምረጡ። አንዱ ያወረደውን የዊንዶውስ አፕዴት ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ። ለሌሎች ፕሮግራሞች «ዊንጌት ዳውንሎድ» አለ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ የመጫኛ ፋይሉን ብቻ ታወርዳላችሁ። ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጥላችኋል፤ ንጹሕ ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ለየማሽኑ መጫን ነው።