ቢጫ የሆነ የሞዴል ስቲከር? ለድሬ ፀሐይ ስጡት
ለዓመታት ካርቶን ውስጥ የከረመ የፕላስቲክ አውሮፕላን ሞዴል ከፍታችሁ፣ በውሃ እየተነከሩ የሚለጠፉት ስቲከሮች ቢጫ ሆነው ካገኛችኋቸው አትጣሏቸው። እንደ ደረቁ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ክተቱና አፉን አሽጉ። ከዚያ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርጋችሁ በፕላስተር ለጥፉት። ቢጫ የሚሆነው በላዩ ያለው ቫርኒሽ ነው፣ እሱን ደግሞ አልትራቫዮሌት ጨረር ያነጣዋል። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ መቼም አልቸገረንም! በየቀኑ እዩት፤ ነጩ ሲመለስ አንሱት፣ ከቆየ ቀዩም አብሮ ይደበዝዛል። ቆርቆሮ ላይ ግን አታስጡት፣ ሙቀቱ ወረቀቱን ያጣምመዋል። የተሰነጣጠቀ ስቲከር ከሆነ ውሃ ከመንካቱ በፊት ስስ ግልጽ ቫርኒሽ ቀቡት፣ አለዚያ እጃችሁ ላይ ይበታተናል።