ስታውትን ከኪት መጥመቅ፦ በአንድ ኪሎ ስኳር ፋንታ ምን ይግባ?

ጠላ ሲጠመቅ እያየ ያደገ ሰው የስታውት፣ ማለትም የጥቁር ቢራ፣ ኪት የሚባለውን ተዘጋጅቶ የታሸገ የጠመቃ ጥቅል ገዝቶ መመሪያውን ሲያነብ መጀመሪያ የሚገርመው የሥራው ማነስ ነው። ብቅሉ በቅሏል፣ ተፈጭቷል፣ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ጣፋጩ ወጥቶለታል፣ የጌሾን ቦታ የሚይዘው መራራ ሆፕም አብሮት ተቀቅሏል። ፋብሪካው ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ውሃውን አትንኖ፣ እንደ ማር የወፈረውን 1.7 ኪሎ ግራም ጥቁር የብቅል ሽሮፕ በቆርቆሮ አሽጎ ይሸጣል። ለጠማቂው የሚቀረው በውሃ ማቅጠን፣ አንድ ኪሎ ስኳር መጨመር፣ ከክዳኑ ሥር ያለውን እርሾ መነስነስና መጠበቅ ነው። በዚህ መንገድ 23 ሊትር ቢራ ይገኛል፤ የሚገኘው ግን ከስታውት ይልቅ ለቅራሪ የቀረበ ነው።

ጥፋቱ የስኳሩ ነው። ነጭ ስኳርን እርሾ አንድም ሳያስቀር በልቶ ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ስለሚለውጠው፣ ከኋላው ጣዕምም ሆነ ውፍረት አይተውም። የብቅል ሽሮፕ ግን እርሾ ሊበላው የማይችለው የስኳር ዓይነት በውስጡ ስላለ፣ ፍላቱ ካበቃ በኋላም ቢራው አፍ ላይ ክብደት ይኖረዋል። ስለዚህ ለኪት ስታውት ከሚጨመሩት ነገሮች ሁሉ የሚቀድመው ቡናውና ቸኮሌቱ ሳይሆን በስኳሩ ቦታ የሚገባው ነው። እኔ የምጠቀምበት መጠን ለ20 ሊትር የተሠራ ነው፦ አንድ ቆርቆሮ የስታውት ኪት፣ 1 ኪሎ ግራም ደርቆ ዱቄት የሆነ የብቅል ሽሮፕ፣ 300 ግራም ዴክስትሮስ የሚባል ስኳር፣ 250 ግራም ላክቶስና 250 ግራም የተቆላ ገብስ። ደረቁ ሽሮፕ በወፍጮ ከተፈጨ ብቅል ጋር መምታታት የለበትም፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ያለ አተላ የሚሟሟው እሱ ነው። ውሃውን ከ23 ወደ 20 ሊትር መቀነስም ራሱን የቻለ ጭማሪ ነው፤ ወጪ የለውም፣ ልዩነቱ ግን ከመጀመሪያው ጉንጭ ይታወቃል።

ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። የቢራ እርሾ ስለማይበላው ለስለስ ያለ ጣፋጭነት ትቶ ያልፋል። ነገር ግን ወተት ለማይስማማው እንግዳ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ በጾም ወራት ለሚጠጣ ቢራም ከነጭራሹ ቢቀር ይሻላል።

ከሥራው በፊት የሚኖሩበትን አገር ሕግ ማወቅ ይገባል። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 የፈረሙት ሕግ አንድ አዋቂ ብቻ ባለበት ቤት በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ባሉበት ቤት እስከ 200 ጋሎን ቢራ ያለ ግብር ለቤት ፍጆታ መጥመቅን ይፈቅዳል፤ መሸጥን ግን አይጨምርም። በብሪታንያ ለቤት ጠመቃ ፈቃድ ማውጣት እ.ኤ.አ. በ1963 ቀርቷል። በሳዑዲ ዓረቢያና በኩዌት የሚኖሩ ወገኖች ግን ቅጣቱ ከባድ ስለሆነ ከማንበብ እንዳያልፉ።

ጋን በወይራ የሚታጠነው ለመዓዛ ብቻ እንዳልሆነ እናቶቻችን ያውቁታል። በፕላስቲክ ባልዲ ለሚጠምቅ ሰው የወይራውን ሥራ የሚሠራው ኬሚካል ነው። ባልዲው፣ ክዳኑ፣ ማማሰያው፣ ቴርሞሜትሩና ኤርሎክ የሚባለው በውሃ የሚዘጋ መተንፈሻ በመጀመሪያ በሳሙና ታጥበው በደንብ ይለቀለቃሉ፤ ከዚያ እንደ ስታር ሳን ያለ መለቅለቅ የማያስፈልገው ማጽጃ በአንድ ሊትር ውሃ 1.5 ሚሊ ሊትር ያህል ተበጥብጦ ይነከሩበታል። የሚተወው አረፋ ቢራውን አይጎዳም፤ አረፋውን ለማስወገድ ብሎ በቧንቧ ውሃ መልሶ ማጠብ ግን የተሠራውን ማፍረስ ነው። በረኪና ባልጠቀም እመርጣለሁ፤ በደንብ ካልተለቀለቀ ክሎሪኑ ቢራውን የመድኃኒት ቤት ሽታ ያሸትተዋል። የቧንቧ ውሃም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። ተራ ክሎሪን በማፍላት ይወጣል፤ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚጨመረው ክሎራሚን ግን በቀላሉ ስለማይለቅ ለ20 ሊትር ክሎራሚንን የሚያጠፋ ግማሽ የካምደን ክኒን አድቅቆ ማማሰል ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ገብሱ እንምጣ፤ ሐበሻ ጠማቂ ከማንም በላይ ሊራቀቅበት የሚችለው እዚህ ላይ ነው። የአየርላንድ ስታውት ጥቁረቱንና ቡና ቡና የሚለውን ጣዕሙን የሚያገኘው ሳይበቅል ከተቆላ ገብስ ነው፤ ለጥቁር ጠላ የሚቆላውን አሻሮ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የተቆላው ገብስ ከጠመቃ ዕቃ መደብር ተሸርክቶ ይገዛል። በብረት ምጣድ እቤት መቁላትም ይቻላል፦ እሳቱ መጠነኛ ይሁን፣ እጅ ማማሰሉን አያቁም፣ ፍሬው ሲሰበር ውስጡ ጠቆር ያለ የቡና መልክ ሲይዝ ይውረድ። ከሰል ከሆነ አልፎበታል። እቤት የተቆላ ገብስ በዕለቱ ቢገባ የጭስ ምሬት ስለሚኖረው በወረቀት ከረጢት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቢቀመጥ ይበርዳል፤ ከዚያም በእጅ ወፍጮ ሽርክት ይደረጋል እንጂ አይልምም።

ሽርክቱ በሻሽ ጨርቅ ታስሮ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሞቅ 2.5 ሊትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ውሃው ሲፈላ ገብሱ ውስጥ ከሆነ ከቅርፊቱ ምላስ የሚይዝ ምሬት ይወጣል፤ ጨርቁን መጭመቅም እንዲሁ ነው የሚሉ አሉ፤ ስለዚህ ተነሥቶ በራሱ ጊዜ ይንጠብጠብ። ብዙ ሰው በዚሁ ውሃ ላይ አጃ ሲጨምር ይታያል። አጃ ግን ገና ወደ ስኳር ያልተለወጠ ስታርች ነው፤ የሚለውጠውም ብቅል ነው። ብቅል ሳይኖር አጃ መዘፍዘፍ ቢራውን ከማደፍረስ በቀር ጥቅሙ ትንሽ ነው። የአጃ ስታውት የፈለገ ሰው 500 ግራም አጃ ከ500 ግራም ነጭ የቢራ ብቅል ሽርክት ጋር በ66 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ይያዝለት፤ ያለዚያ ይተወው።

የገብሱ ውሃ 2 ሊትር ያህል ተጨምሮበት ደረቁ ሽሮፕ፣ ዴክስትሮሱና ላክቶሱ ይሟሟሉ፤ ለ10 ደቂቃ ይፈላል። አረፋው ድንገት ስለሚገነፍል ድስቱ ሰፊ ይሁን፣ ሰውም ከአጠገቡ አይራቅ። ቆርቆሮው አስቀድሞ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለሩብ ሰዓት ቢቀመጥ ሽሮፑ ይላላል። ምድጃው ከጠፋ በኋላ ቆርቆሮው ይገለበጣል፤ ሽሮፑ እንደ ጥቁር ገመድ ተጣጥፎ ይወርድና እታች ይተኛል፤ እሳት እየነደደ ቢሆን ኖሮ እዚያው ያርር ነበር። ከቆርቆሮው ግድግዳ ላይ የቀረው በፈላ ውሃ ታጥቦ ይጨመራል፤ ትንሽ ቢመስልም ከመቶ ግራም የማያንስ ጊዜ አለ። ሁሉም ባልዲው ውስጥ ገብቶ በቀዝቃዛ ውሃ 20 ሊትር ይሞላል፤ ውሃው ከከፍታ ቢፈስ ለእርሾው የሚያስፈልገው አየር አብሮ ይገባል።

ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሃይድሮሜትር በሚባለው፣ የፈሳሹን እፍጋት ከውሃ ጋር አወዳድሮ በሚያሳይ መለኪያ ይለካ፤ በዚህ መጠን 1.054 አካባቢ ያሳያል። ከክዳን ሥር ያለው 7 ግራም እርሾ በመደብር መደርደሪያ ላይ ስንት ወር እንደቆየ ስለማይታወቅ እኔ አላምነውም፤ በቦታው 11.5 ግራም የሚመዝነውን ሳፍኤል ኤስ 04 እነሰንሳለሁ። ባልዲው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ይቀመጣል። የመመሪያው ወረቀት እስከ 27 ዲግሪ ቢፈቅድም በዚያ ሙቀት የፈላ ቢራ ራስ ምታት የሚጠራ ስለታም ሽታ ያመጣል። በማግስቱ ኤርሎኩ መንቆርቆር ይጀምራል፤ በሦስተኛው ቀን ቡናማ አረፋ ክዳኑን ሊነካ ይችላል። ጥንስስ ሲገነፍል ያየ አይደነግጥም።

የኤርሎኩ ዝምታ ግን የፍላቱ ማብቂያ ምስክር አይደለም። ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። በአንድ ክረምት ምድር ቤት ያስቀመጥኩት ባልዲ በሰባተኛው ቀን ዝም ሲል ሳልለካ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት፤ ለካ እርሾው በርዶት ተኝቶ ኖሯል። ጠርሙሶቹ ሞቃት ክፍል ሲገቡ ነቃ፤ በአሥረኛው ሌሊት ሦስቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ፈነዱ፣ ስብርባሪውም ከክረምት ካፖርት ኪስ ሳይቀር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባልዲ አልነካም፤ በሃይድሮሜትሩም ሁለት ቀን አራርቄ እለካለሁ። ንባቡ ሁለቱንም ጊዜ እኩል፣ ማለትም 1.017 አካባቢ ከሆነ ፍላቱ አብቅቷል። ከመጀመሪያው ንባብ የመጨረሻው ተቀንሶ ልዩነቱ በ131 ቢባዛ የአልኮሉን መጠን ስለሚሰጥ፣ የዚህኛው 4.8 በመቶ ገደማ ነው።

ቡና፣ ካካዎና ቅመም የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው፤ በፍላቱ መካከል ቢገቡ የሚወጣው ጋዝ መዓዛቸውን ይዞት ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠምቅ ሰው ግን ምንም ሳይጨምር አንድ ባልዲ ቢጠምቅ፣ ቀጥሎም አንድ ነገር ብቻ ቢጨምር እመክራለሁ፤ ሦስቱን አብሮ የጨመረ ሰው የትኛው እንዳበላሸበት አያውቅም። ለቡና ከጀበና የወጣው አይሆንም፤ ከተቆላው ገብስ ጋር ሲገናኝ ምሬቱ ይበዛል። 100 ግራም ሻካራ የተፈጨ ቡና ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ተዘፍዝፎ ፍሪጅ ውስጥ 24 ሰዓት ያድራል፣ በወረቀት ማጣሪያ ይጣራል፣ በጠርሙስ መሙያው ዕለት ይጨመራል። የተቆላ ገብስ ራሱ ኮምጠጥ ስለሚል፣ ፍካት ካለው ከይርጋ ጨፌ ይልቅ የሐረር ቡና ይስማማዋል ባይ ነኝ። ካካዎ ከሆነ 120 ግራም የተሰባበረ ፍሬ በቮድካ ርሶ ለአምስት ቀን ባልዲው ውስጥ ይቆያል። ኮረሪማ ኃይለኛ ነው፤ የሦስት ፍሬ ዘር ተወቅጦ ከበቂ በላይ ሊሆን ይችላል። ጌሾ ለመጨመር የሚያስቡ ሰዎች ገጥመውኛል፤ ኪቱ ምሬቱን ይዞ ስለመጣ አያስፈልግም።

ለጠርሙስ በአንድ ሊትር 5 ግራም፣ ለ20 ሊትር 100 ግራም ስኳር በትንሽ ውሃ ፈልቶ በሌላ ንጹሕ ባልዲ ይጨመራል፤ ቢራው አተላውን ትቶ በቀጭን ጎማ ሳይንቦጫረቅ ወደዚያ ይገለበጣል። በዚህ ጊዜ አየር ጠላት ነው። ጠርሙሶቹ ለጋዝ የተሠሩ የቢራ ጠርሙሶች ይሁኑ፤ የወይን ጠርሙስ አይችለውም። ሁለት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ተትቶ ቆርኪ ይገጠምባቸውና በ20 ዲግሪ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያም በቀዝቃዛ ቦታ ቢያንስ አንድ ወር ይቆያሉ። ቡና የሌለበት ስታውት በሦስተኛው ወር የተሻለ ሆኖ ይገኛል፤ ቡና ያለበት ግን መዓዛው ቶሎ ስለሚሸሽ ሳይዘገይ ይጠጣ። ከፍሪጅ ወጥቶ ቆይቶ፣ እስከ 12 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ጠርሙሱ ሳይናጥ በአንድ ትንፋሽ ይቀዳ፤ እታች የቀረችው አንድ ጣት አተላ ከጠርሙሱ አትውጣ።